ቴሌቪዥን በዴም፦ ከኦምዱርማን ማማ እስከ ጣሪያችን ሳህን

በዚህ እትም የታሪክ ገጻችን የምናነሳው ሁላችንም ስለምናውቀው አንድ ዕቃ ነው። ዕቃው ቴሌቪዥን ነው። «ቴሌቪዥን ደግሞ ምን ታሪክ አለው? ይከፈታል፣ ይዘጋል» የሚል ተማሪ አይጠፋም። ነገር ግን ካርቱም ውስጥ ዴም በሚባለው ሰፈር የኖርን ሐበሾች ነገሩን በሌላ መንገድ እናውቀዋለን። ዓረብኛ ጆሯችን የገባው ከገበያው ቀጥሎ በዚህ ሳጥን ነው። ያገራችንንም ወሬ፣ የምንኖርበትንም አገር ወሬ ብዙ ጊዜ የሰማነው ከእሱ ነው። እንግዲህ ይህን ያህል ያመንነው ሳጥን ከየት መጣ? የሚያዝዘው ማን ነው? ምን አሳየን? ምንስ ደበቀን? ብሎ መጠየቅ ለመምህርም ለተማሪም ይጠቅማል።

አንድ ማሳሰቢያ አለን። የሱዳንና የኢትዮጵያ ታሪክ አንድ ላይ ስለሚነሳ ዓመቶቹን በአውሮፓ አቆጣጠር እንጽፋለን። የኢትዮጵያው ሲሆን «ዓ.ም.» የሚል እንጨምርበታለን።

ዴም ማለት ምን ማለት ነው?

በሱዳን ዓረብኛ ዴም ማለት ሰፈር፣ የሰፈራ ቦታ፣ የድሮ ካምፕ ማለት ነው። ዛሬ በደቡብ ሱዳን የሚገኘው ዴም ዙቤር ስሙን ያገኘው በ19ኛው መቶ ዘመን ዙቤር ፓሻ የተባለው ነጋዴ ከመሠረተው ሰፈር ነው። የካርቱሞቹ ዴሞች ደግሞ የወዛደር ሰፈሮች ነበሩ። በእንግሊዝና ግብፅ የጋራ አገዛዝ ዘመን፣ በ1940ዎቹ መጨረሻና በ1950ዎቹ መጀመሪያ፣ የከተማው አስተዳደር የድሮዎቹን ዴሞች አንሥቶ ነዋሪውን በከተማዋ ደቡብ በተቀየሰ አዲስ ቦታ አሰፈረው። እኛ የምናውቀው ዴም ይኼ ነው።

ስለዚህ ዴም ሲጀመር የተፈናቀለ ሰው ሰፈር ነበር ማለት ነው። በኋላ ከኢትዮጵያና ከኤርትራ የመጣ ስደተኛ እዚያ ቤት ሲከራይ፣ ጀበና ሲጥድ፣ እንጀራ ሲጋግር፣ ምግብ ቤት ሲከፍት ባዕድ ነገር አላመጣም። ከሌላ ቦታ በመጣ ሰው የተሠራ ሰፈር ሌላ መጤ ተቀበለ፤ በቃ።

መጀመሪያ ሬዲዮ ነበር

የሱዳን ቴሌቪዥን ታሪክ ከሬዲዮው ይጀምራል። የኦምዱርማን ሬዲዮ ሥራ የጀመረው በ1940 በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ነው። እንግሊዞች የጦርነቱን ወሬ በራሳቸው በኩል ለሕዝቡ ለማድረስ ፈልገው ነበር። በዚያው ዓመት ክረምት ኢጣሊያ ከሰላን ያዘች፤ አፄ ኃይለ ሥላሴም ከእንግሊዝ አገር ካርቱም ገቡ። እስከ ጥር 1941 ድረስ ከኖሩ በኋላ በኦሜድላ በኩል ወደ አገራቸው ተሻገሩ። በዚያን ጊዜ «ባንዲራችን» የሚባል የአማርኛ ጋዜጣ ካርቱም ላይ እየተዘጋጀ ድንበር ተሻግሮ ለአርበኛውና በኢጣሊያ ሥር ለነበረው ወታደር ይበተን ነበር። ሥራውን ይመራ የነበረው ጆርጅ ስቲር የተባለ እንግሊዛዊ ጋዜጠኛ ነው።

እስቲ ይህን ልብ በሉልን። በካርቱም የአማርኛ ጽሑፍ ታሪክ ከኛ ስደት በፊት የተጀመረ ነው። የተጀመረውም በጦርነትና በስደት መካከል ነው።

«ሁና ኦምዱርማን»፣ እዚህ ኦምዱርማን ነው፣ የሚለው የሬዲዮው መጥሪያ በሱዳን ልጅ ሁሉ ጆሮ ያለ ነው። ቴሌቪዥኑ በ1962 ሲጀመር ከዚሁ ከሬዲዮው ጎን፣ በኦምዱርማን ከዓባይ ዳር ብዙ ሳይርቅ፣ ከብሔራዊ ቴአትር ቤቱ ፊት ለፊት ተተከለ። በዘመኑ የነበረው መንግሥት የጄኔራል ኢብራሂም አቡድ ወታደራዊ መንግሥት ነበር። ሱዳን ነፃ ከወጣች ገና 6 ዓመቷ ነበር።

ማማው እንዴት ይሠራል?

የፊዚክስ መምህራን ይህን ክፍል ለክፍላችሁ ተጠቀሙበት። የቴሌቪዥን ሥራ በአጭሩ እንዲህ ነው። ካሜራው ብርሃኑን ወደ ኤሌክትሪክ ይለውጣል። መቆጣጠሪያ ክፍል ያሉት ባለሙያዎች ከብዙ ካሜራ አንዱን ይመርጣሉ፤ ድምፁን ያስተካክላሉ፤ ጽሑፍ ይጨምራሉ። ከዚያ ምልክቱ ወደ ማሰራጫው ይሄዳል። ማሰራጫው በማማው ጫፍ ካለው አንቴና ሞገዱን ይለቀዋል። የኛ አንቴና ይይዘዋል፤ ሳጥኑም መልሶ ብርሃንና ድምፅ ያደርገዋል።

የቴሌቪዥን ሞገድ እንደ አጭር ሞገድ ሬዲዮ ሰማይ ነክቶ አይመለስም። ቀጥ ብሎ ነው የሚሄደው። ተራራ ከመጣበት ይቆማል። ካርቱም ሜዳ ናት። አንድ ረጅም ማማ ኦምዱርማንንም ካርቱምንም በሕሪንም ሊያዳርስ ይችላል። ዴም ያለ ሰው ጣሪያው ላይ የሽቦ አንቴና ተክሎ ከወንዙ ማዶ ያለውን ጣቢያ ጥርት አድርጎ ያያል። በአንጻሩ ኢትዮጵያን ውሰዱ። ከአዲስ አበባ የተላከ ምልክት ወሎ ወይም ጎንደር እንዲደርስ ከተራራ ወደ ተራራ የሚቀባበሉ ጣቢያዎች ያስፈልጉታል። አገሩ ተራራማ መሆኑ ለአርበኛ ጠቀመ፤ ለቴሌቪዥን ግን አልተመቸም። ለብዙ ዓመታት ቴሌቪዥን የከተማ ሰው ነገር ሆኖ የቆየበት አንዱ ምክንያት ይኼ ነው። ሌላው ምክንያት መብራት ነው። ሦስተኛው የሳጥኑ ዋጋ ነው።

በሱዳንም ቢሆን ሦስቱ ከተሞች ብቻቸውን አገር አይደሉም። ከዋና ከተማው ውጭ ላለው ሕዝብ በዋድ መዳኒና በአትባራ ጣቢያዎች የተከፈቱት ስለዚህ ነው። የዋድ መዳኒው በጀዚራ የጥጥ እርሻ ለሚኖረው ገበሬ የታሰበ ነበር።

አዲስ አበባ ሁለት ዓመት ቆይታ

የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ከሱዳኑ ሁለት ዓመት ዘግይቶ በ1964፣ ማለትም በ1957 ዓ.ም.፣ ተመረቀ። ስቱዲዮው ከቸርችል ጎዳና በላይ ባለው አዲሱ የማዘጋጃ ቤት ሕንፃ ውስጥ ነበር። ቶምሰን የተባለ የእንግሊዝ ኩባንያ በማቋቋሙ ረድቷል። ሥዕሉ ጥቁርና ነጭ ነበር። ብዙም ሳይቆይ ለአዲስ አበባ ትምህርት ቤቶች የትምህርት ፕሮግራም ይተላለፍ ጀመር። ስለዚህ ቴሌቪዥንና ትምህርት በአገራችን የተጋቡት ገና ከልጅነቱ ነው።

ታዲያ የዚህ ጣቢያ ታሪክ ውስጥ ሦስት ቀኖች አሉ። ተማሪዎቻችን ሦስቱን ጎን ለጎን እንዲያስቀምጡ እንፈልጋለን።

የመጀመሪያው ቀን ጥቅምት 18፣ 1973 ነው። ያን ዕለት ማታ ጆናታን ዲምብልቢ የተባለው ጋዜጠኛ በወሎ ያየውን ረሀብ በእንግሊዝ ቴሌቪዥን አሳየ። የሎንዶን ሰው አየው። የአዲስ አበባ ሰው ግን በራሱ ቴሌቪዥን አላየውም። ረሀቡ ከከተማው በአንድ ቀን የመኪና መንገድ ላይ ነበር።

ሁለተኛው ቀን መስከረም 11፣ 1974 ነው። በኛ አቆጣጠር የ1967 ዓ.ም. የአዲስ ዓመት ዕለት፣ መስከረም 1 ማለት ነው። ያን ማታ ደርግ ያንኑ የዲምብልቢን ፊልም በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን አሳየ። እንዳለ ግን አላሳየውም። በረሀብተኛው ሥዕል መካከል የቤተ መንግሥቱን ግብዣ እያስገባ ነው ያሳየው። በማግሥቱ ጠዋት ንጉሡ ከዙፋናቸው መውረዳቸው ተነበበላቸው። በትንሽ ቮልስዋገን መኪናም ተወሰዱ።

ሦስተኛው ጊዜ 1984 ነው። በመስከረም የአብዮቱ 10ኛ ዓመትና የኢሠፓ ምሥረታ ሲከበር የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን የቀለም ስርጭት ጀመረ። ሰልፉ፣ ባንዲራው፣ አበባው በቀለም ታየ። ከጥቂት ሳምንት በኋላ፣ ጥቅምት 23፣ ማይክል በርክና ኬንያዊው የካሜራ ባለሙያ መሐመድ አሚን ከኮረም ያነሱት ሥዕል በቢቢሲ ወጣ። እሱም በቀለም ነበር። የዓለም ሕዝብ ደነገጠ፤ በዓመቱም ሐምሌ 13፣ 1985 የላይቭ ኤይድ ሙዚቃ በሳተላይት ለብዙ አገሮች ተላለፈ።

በዚያው ጊዜ ከትግራይና ከወሎ በእግሩ የተጓዘው ሕዝብ ወደ ምሥራቅ ሱዳን እየገባ ነበር። ዋድ ኮውሊ የመሳሰሉ ካምፖች የተከፈቱት ያኔ ነው። ከዚያ ሕዝብ ውስጥ ውሎ አድሮ ካርቱም የደረሰ፣ ዴም የገባ አለ። ልጆቹ ዛሬ ይህን ጋዜጣ ያነብቡ ይሆናል።

ከነዚህ ሦስት ቀኖች ምን እንማራለን? አንዱ ሰው «ቴሌቪዥን ውሸታም ነው» ብሎ ሊደመድም ይችላል። እኛ ግን እንደዚያ አንልም። በ1974 አዲስ ዓመት ማታ የታየው ረሀብ እውነተኛ ረሀብ ነበር። ግብዣውም እውነተኛ ግብዣ ነበር። ሁለቱን ማን ቆርጦ አቀጣጠላቸው? ለምን በዚያ ማታ? ለምንስ ከአንድ ዓመት በፊት አልታየም? ጥያቄው ይኼ ነው። ያው ደርግ ከ10 ዓመት በኋላ በተራው የራሱን ዘመን ረሀብ ከበዓሉ ጀርባ አስቀመጠ። ካሜራ የሚያሳየው አንድ ነገር ነው፤ ካሜራውን የሚያዞረው ሰው ያለየው ነገር ደግሞ ሌላ ነው።

ሳህኑ ሲመጣ

ወደ ዴም እንመለስ። በ1990ዎቹና በ2000ዎቹ የሽቦው አንቴና ቦታውን ለሳህኑ፣ እኛ ዲሽ ለምንለው፣ ለቀቀ። ሳተላይቱ ከምድር ወገብ በላይ ወደ 36,000 ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ ከምድር ጋር እኩል ስለሚዞር ለኛ የቆመ ይመስለናል። ሳህኑን አንዴ በትክክል ካዞርነው እዚያው ይቆያል። ተራራ አያግደውም፤ ድንበርም አያውቅም። ለስደተኛ ይኼ ትልቅ ነገር ነው።

ከዚያ በኋላ የዴም ምግብ ቤትና ቡና ቤት የሁለት አገር ሆነ። በአንድ ወገን የሱዳን ጣቢያዎች አሉ። በረመዳን «አጋኒ ወ አጋኒ» የሚለውን የዘፈን ፕሮግራም በብሉ ናይል ጣቢያ ሱዳናዊው ጎረቤታችን አያመልጠውም ነበር። ፕሮግራሙን ይመሩ የነበሩት ገጣሚው አል ሲር ጋዱር በ2022 አርፈዋል። የሱዳን ዘፈንና የኛ ዘፈን ሁለቱም ባለ አምስት ድምፅ ቅኝት ስላላቸው ቋንቋው ባይገባንም ዜማው ይገባናል። መሐመድ ዋርዲ በ1990ዎቹ አዲስ አበባ ሲዘፍን የተቀበለው ሕዝብ ይህን ይመሰክራል።

በሌላ ወገን ያገር ቤቱ ጣቢያ ነበር። በኋላ ከውጭ አገር የሚሰራጩ የአማርኛ ጣቢያዎች መጡ። ኢቢኤስ በ2008፣ ኢሳት በ2010 ጀመሩ። የኢሳት ስርጭት ደግሞ በተደጋጋሚ ሲታወክ ኖሯል። ሳተላይት ድንበር አያውቅም ብንልም፣ ከምድር ሆኖ ሞገዱን በሞገድ ማፈን ይቻላል። በ2016 ቃና ቴሌቪዥን የውጭ ድራማዎችን ወደ አማርኛ እየመለሰ ብቅ አለ። በ2019 ደግሞ ኢትዮሳት የተባለው ስርጭት ሲጀመር በኢትዮጵያ ቤቶች ወደ ምዕራብ ወደ ናይልሳት ያይ የነበረው ሳህን ወደ ምሥራቅ መዞር ጀመረ። የሳህን ጠጋኝ በየጣሪያው ሲወጣ የከረመው ያኔ ነው።

በዚህ ሁሉ መካከል አንድ ነገር ልብ አላልንም። ያገር ቤቱ ጣቢያ ያገር ቤቱን ሰው ያሳያል። የሱዳኑ ጣቢያ የሱዳኑን ሰው ያሳያል። የዴም ሐበሻ፣ ቡናዋን የምትሸጠው እኅታችን፣ ከግንባታ ሥራ ተመልሶ ጋደም የሚለው ወንድማችን፣ በሁለቱም ዘንድ እምብዛም አይታይም። እኛ ተመልካች ነበርን እንጂ ታሪኩ የሚነገርለት ሰው አልነበርንም።

ፕላዝማና መምህሩ

በ2004፣ በ1997 ዓ.ም. የትምህርት ዘመን፣ የኢትዮጵያ መንግሥት በሳተላይት የሚሰራጭ ትምህርት ለሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች አስገባ። ተማሪው «ፕላዝማ» ይለዋል። ትምህርቱ የተዘጋጀው ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ነበር። ሒሳብ፣ ፊዚክስ፣ ኬሚስትሪና ሌሎችም በእንግሊዝኛ ይሰጡ ነበር። ከክፍለ ጊዜው አብዛኛውን የሚወስደው ስክሪኑ ነው። መምህሩ በመጀመሪያ ያስተዋውቃል፣ በመጨረሻ ይደመድማል።

ጥቅሙ አይካድም። ቤተ ሙከራ የሌለው የገጠር ትምህርት ቤት ሙከራውን በዓይኑ አየ። ችግሩም ግልጽ ነበር። ስክሪኑ ይፈጥናል። ተማሪው እጁን ቢያወጣ አያየውም። መብራት ከሄደ ትምህርቱ ሄደ፤ ተመልሶ አይመጣም። ብዙ መምህራን «እኛ ማብሪያና ማጥፊያ ሆነን ቀረን» ብለው አማርረዋል።

እኛ በካምፕ የምናስተምር ከዚህ የምንወስደው አለ። በካምፕ ትምህርት ቤት ስክሪን ቢገኝ እሰየው ነው። ግን የተማሪን ፊት አይቶ «አልገባህም፣ እንደገና እንየው» የሚለው መምህሩ ብቻ ነው። ጥቁር ሰሌዳና ጠመኔ የያዘ መምህር ኋላቀር ነው ብላችሁ አትናቁት።

ማማውን ማን ያዘ?

በአፍሪካ መፈንቅለ መንግሥት ያደረገ ሁሉ መጀመሪያ የሚሮጠው ወደ ሬዲዮና ቴሌቪዥን ጣቢያ ነው። የኦምዱርማን ጣቢያም ይህን ብዙ ጊዜ አይቷል። ጃፋር ኒሜሪ በ1969፣ ኦማር አል በሺር በ1989 ሥልጣን መያዛቸውን ሕዝቡ ያወቀው በዚሁ በኩል ነው። በ2018 መጨረሻና በ2019 መጀመሪያ ወጣቱ በየሰፈሩ ሲሰለፍ፣ የዴምም ልጆች ጭምር፣ የመንግሥቱ ቴሌቪዥን አብዛኛውን ሌላ ነገር ያሳይ ነበር። ሰልፉን ያሳየው የስልክ ካሜራ ነው። ሚያዝያ 11፣ 2019 ጠዋት ግን ጣቢያው የሰልፍ ሙዚቃ እያሰማ «ከጦር ኃይሉ ጠቃሚ መግለጫ ይጠበቃል» አለ። አገር ሙሉ ሳጥኑ ፊት ሰዓታት ቁጭ አለ። በመጨረሻ የመከላከያ ሚኒስትሩ አዋድ ኢብን አውፍ ቀርበው አል በሺር መውረዳቸውን ተናገሩ። በጥቅምት 25፣ 2021 ወታደሮች እንደገና ጣቢያውን ያዙ።

ከዚያ ሚያዝያ 15፣ 2023 መጣ። በሱዳን ጦርና በፈጥኖ ደራሹ ኃይል መካከል ውጊያው ሲፈነዳ ጣቢያው ወዲያው የጦር ሜዳ ሆነ። በማግሥቱ ስርጭቱ ተቋረጠ። ሕንፃው በፈጥኖ ደራሹ ኃይል እጅ 11 ወር ያህል ቆየ። የሱዳን ጦር መልሶ የያዘው መጋቢት 12፣ 2024 ነው። የመንግሥቱ መሥሪያ ቤቶችና የቴሌቪዥኑ ሥራ እስከዚያ ወደ ፖርት ሱዳን ዞረው ነበር። ካርቱምን ራሷን ጦሩ መልሶ የተቆጣጠረው በ2025 የጸደይ ወራት ነው።

ብዙዎች ያን ጊዜ የፈሩት ለሕንፃው ብቻ አልነበረም። ከ1960ዎቹ ጀምሮ የተቀዳው ዘፈን፣ ንግግር፣ ድራማና ዜና ያለበት ማኅደር እዚያ ነበር። የአገር ትዝታ በአንድ ግቢ ውስጥ ሲቀመጥ አንድ እሳት ይበቃዋል።

የዴምም ሰው ተበተነ። ከኛ ወገን ስንቱ በገላባትና በመተማ በኩል ወጣ፤ ስንቱ ሳይወጣ ቀረ። ሳህኖቹ ግን ጣሪያ ላይ ቀሩ።

ታዲያ ምን እናድርግ?

እንግዲህ ውድ አንባብያን፣ የሱዳን ሕዝብ ማኅደር ነበረው፤ ለእሱም ፈራ። የዴም ሐበሻ ግን የሚፈራለት ማኅደር እንኳ የለውም። የት ቤት ማን ቡና ትሸጥ እንደነበር፣ የትኛው ሱዳናዊ ጎረቤት በጭንቅ ቀን በሩን እንደከፈተ፣ ልጆች ዓረብኛን እንዴት እንደለመዱ፣ የትኛውም ጣቢያ አልቀዳውም። ሰዎቹ እያረጁ ነው፤ አንዳንዶቹም አልፈዋል። ይህን ካልጻፍነው ከአንድ ትውልድ በኋላ «ዴም ውስጥ ሐበሻ ነበር እንዴ?» ይባላል።

ስለዚህ ለመምህራን አንድ የክፍል ሥራ እናቀርባለን። እያንዳንዱ ተማሪ ካርቱም የኖረ አንድ ታላቅ ሰው ይፈልግ። እማማም ይሁኑ አባባ፣ ጋሼም ይሁኑ እትዬ። ሦስት ጥያቄ ይጠይቅ። የት ሰፈር ኖሩ? ምን ሠርተው በሉ? ስለዚያ ኑሮ ቴሌቪዥን አይቶት የማያውቅ ምን ነገር ያውቃሉ? መልሱን ሰውየው እንዳሉት በራሳቸው አነጋገር ይጻፍ። ስማቸው እንዲጻፍ ካልፈለጉ ስም አይጻፍ። ቀኑንና ቦታውን ግን አትርሱ፤ ቀን የሌለው ታሪክ ቶሎ ተረት ይሆናል።

ለተማሪዎች ደግሞ፣ ዛሬ ማታ በቴሌቪዥንም ሆነ በስልክ አንድ ዜና ስታዩ የ1967ቱን አዲስ ዓመት አስታውሱ። ይህን ሥዕል ማን አነሳው? ማን ቆረጠው? ለምን ዛሬ አሳየኝ? ካሜራው ባይዞር ኖሮ ከጎኑ ምን አይ ነበር? ብላችሁ ጠይቁ። ከዚያ ደብተራችሁን አውጡና ካሜራው ያላየውን ጻፉ።